ስልሳ ስድስት መቶ ከስልሳ ስድስት

ባሮ ወንዝ ዳር፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሰው በሚያቀልጥበት አገር፣ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቼ አንዳንዴ "መምህርት፣ የሚወዱት ቁጥር ስንት ነው?" ይሉኝ ነበር። አልነግራቸውም። ቁጥር መውደድ ለሚጸልይ ሰው ደግ ነገር አይመስለኝም። ደግሞ ቁጥሩን ከነገርኳቸው ታሪኩን ማስከተሌ አይቀርም፤ ታሪኩ ደግሞ የምላሴን ነገር ያወጣብኛል።

ቁጥሩ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ነው። ጌታችን በዕለተ ዓርብ የተገረፈው ግርፋት ይህን ያህል ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኔ ባደግሁበት በወሎ፣ መካነ ሰላም፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንኳ ይህን ቁጥር አትስተውም፤ የልጇን ዕድሜ ብትጠይቋት ግን "ያ አንበጣ የመጣ ጊዜ የተወለደ ነው" ብላ ታልፈዋለች።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ በዐቢይ ጾም ነው። በልጉ ቀርቷል። ከምሥራቁ ቆላ የተነሣ ሰው ልጁን አዝሎ በእኛ በኩል ያልፋል፤ የሚያልፈው ያልፋል፣ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ይቀራል። ከከላላ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች የገብሱን ዋጋ ሲጠየቁ "ተዉት፣ ባትሰሙ ይሻላል" ይሉ ነበር። አስተማሪዎች አድመው ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማካፈል ገና እንደ ተማርኩ ሥራ ፈት ሆኜ ቤት ዋልኩ። ማካፈል የተማረ ልጅ ሥራ ሲፈታ አደገኛ ነው። እንጀራ ባይ፣ የሰው ብዛት ባይ፣ የዛፍ ላይ ወፍ ባይ አካፍላለሁ።

እናቴ የእመቤታችን ማኅበርተኛ ነበረች። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ እየደገሱ ጽዋውን ከቤት ወደ ቤት ያዞሩታል። መሪያቸውን ሙሴ ይሏቸዋል፤ የእነሱ ሙሴ ጥርስ የሌላቸው፣ ቀልድ ግን ያላለቀባቸው አሮጊት ነበሩ። የመጋቢቱ ተራ እሳቸው ቤት ነበርና እናቴ ይዛኝ ሄደች። ጾም ስለሆነ የሽምብራ ቆሎና ውኃ ብቻ ነው የቀረበው። በዚያ ቀን ሴቶቹ ተሳሉ፤ ስቅለት ዕለት አሥራ ሁለቱ ተካፍለው ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ሊሰግዱ፣ እግዚአብሔር ምድሪቱን በዝናብ እንዲያስባት።

"በይ አንቺ ተማሪ፣" አሉኝ ሙሴዋ፣ "መንግሥት ያስተማረሽን ዛሬ ለእመቤታችን አውጪው። እኩል አካፍይን። ማንም ማንንም እንዳይበልጥ።"

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ ሳያስፈልግ ጭምር እርሳሱን በምላሴ እያራስኩ ሠራሁት።

"ለእያንዳንዳችሁ አምስት መቶ አምሳ አምስት ይደርሳችኋል። ስድስት ይተርፋል።"

"ምኑ ነው የሚተርፈው?" አለች አንዷ።

"ስግደቱ።"

"የጌታዬ ግርፋት ምን ተራፊ አለው፣ አንቺ ልጅ!"

"ይተርፋላ! እኔ ምን ላድርግ?"

"ስድስቱን ለእኔ ስጡኝ፣" አሉ ሙሴዋ።

"ኧረ እማማ፣ አንቱማ ጉልበትዎ ሲንቋቋ ደጀ ሰላም ድረስ ይሰማል። እኔ እወስደዋለሁ።"

"አንቺ? አምና ስቅለት ሰግደሽ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ወገቤ ወገቤ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

በስድስት ስግደት ሊጣሉ ደረሱ። በዚያ ዘመን የሚያጣላ ሌላ ትርፍ ነገር አልነበረምና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ጭቅጭቁን የማበርደው መስሎኝ ከሁለት ጀምሬ እየወጣሁ፣ በየትኛው ቁጥር ቢካፈል ምንም እንደማይተርፍ እፈልግ ገባሁ። ለሁለት ይገባል፣ ለሦስት ይገባል፣ ለስድስት ይገባል። ሰባት እምቢ አለ፣ ስምንት እምቢ፣ ዘጠኝ እምቢ፣ አሥር እምቢ። ከዚያ አገኘሁት። በደስታ ጮህኩ፦

"አሥራ አንድ ብትሆኑ ኖሮ ልክ ይገባ ነበር! ስድስት መቶ ስድስት፣ ስድስት መቶ ስድስት! አንድም አይተርፍም!"

ሴቶቹ ቆሎ መዝገናቸውን ተዉ።

ምክንያቱን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀዋል። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ባል የሞተባት፣ ጥጥ በመፍተል የምትኖር ሴት ነበረች፤ ከተማው ውስጥ ምላሷ የማይደፈር። ከቆላ የመጡ እህቷና የእህቷ ልጆች ቤቷ ገብተዋል፤ ያላትን ለእነሱ እየሰጠች እሷ ስትከሳ ሁሉም ያያል፣ እሷ ግን "ጾም ነው" ትላለች። የሚቀጥለው ተራ፣ የሚያዝያው፣ የእሷ ነበር። ያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ነው፤ ዳቦና ጠላ የሚጠበቅበት፣ ጾም የማይሸሽገው ተራ። ዳቦ የሚሆን እህል የላትም፤ ቢሰጧትም አትቀበልም። "ሳያሳፍረኝ ልውጣ ይሆን?" ብላ ለእናቴ ሹክ ማለቷን በኋላ ነው የሰማሁት። በክፉ ቀን ከማኅበር የወጣች ሴት ደግሞ ታማ ብትተኛ በሯን የሚከፍት፣ ብትሞት ዝክሯን የሚያስብ የላትም።

እንዝርቷን በነጠላዋ ጠቀለለችና ተነሣች።

"ይኸውላችሁ፣" አለች፣ "ቁጥሩም አወቀኝ።"

"ወዴት ነው?" አሉ ሙሴዋ።

"ልልቀቅላችሁ እንጂ። በሬዲዮ አልሰማችሁም? ሚኒስትሮቹም ለቀቁ አሉ። እኔ ከእነሱ እበልጣለሁ?"

ሳቁ። እሷም እየሳቀች ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቁ ማንም ጋ አልቆየም።

እናቴ መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ በየአሥር እርምጃው ቆነጠጠችኝ። "አሥራ አንድ! አሥራ አንድ ብላ ሰው ፊት! አፍሽ አሥራ አንድ ቦታ ይሰፋ! እግዚአብሔር በቁጥር አስወጣኝ ብላ ብታምንስ?"

"ቁጥሩ እኮ እውነት ነው፣ እማዬ።"

ሌላ ቁንጥጫ። "እውነት ሁሉ ይነገራል? ነገ የነፍስ አባታችን ዘንድ ትሄጃለሽ።"

የነፍስ አባታችን የአጽዋማትና የበዓላትን ቀመር አውጥተው ለደብሩ የሚያስታውቁት እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ስሄድ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ የተገነጠለ መጽሐፍ ይጠርዛሉ። ኃጢአቴን ተናገርኩ። ሲሰሙ መርፌያቸውን አላቆሙም።

"አሥራ ሁለት እምቢ አለሽ?"

"አዎ አባቴ። ስድስት ይተርፋል።"

"በምን ጻፍሽው?"

ደብተሬን አሳየኋቸው። በፈረንጅ አኃዝ አራት ስድስቶች ተሰልፈዋል። "ይሄማ አራት ወንድማማች ነው፤ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ አይለይም፣" አሉና በመቋሚያቸው ጫፍ አቧራው ላይ ጻፉ፦ ፷፮፻፷፮።

"አንብቢ።"

"ስልሳ ስድስት... መቶ... ስልሳ ስድስት።"

"ስንት ስልሳ ስድስት አለ እዚህ ውስጥ?"

"ሁለት።"

በመቋሚያው እግሬን ነካ አደረጉኝ። "በዓይንሽ አትቁጠሪ። የመቶዋ ምልክት እዚያ ተቀምጣ ምን ትሠራለች?"

ከመቶዋ ምልክት ግራና ቀኝ ያለውን እያፈራረቅሁ አየሁ። ከዚያ ገባኝ፤ ፀጉሬ ሥር እስኪሞቀኝ ገባኝ። "መቶ ስልሳ ስድስት... እና አንድ ስልሳ ስድስት። መቶ አንድ ጊዜ ስልሳ ስድስት!"

"ታዲያ መቶውን ስልሳ ስድስት ለአሥራ ሁለቱ አካፍይው።"

ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ለአሥራ ሁለት። አምስት መቶ አምሳ። ልክ! ተራፊ የለም! አቧራው ላይ ልጨፍር ስል መለሱኝ።

"አንዷ ስልሳ ስድስትስ?"

"እሷማ... ቀረች።"

"እሷ የአንቺ ናት። የምላስሽ ቀኖና። ሴቶቹ ሲሰግዱ አንቺም ስልሳ ስድስት ትሰግጃለሽ፤ ያን ጊዜ ይሞላል።" መርፌያቸውን እንደገና አነሡ። "ቁጥር መጥፎ አይደለም፣ ልጄ። ግን መጀመሪያ ሰዎቹን ቁጠሪ፣ ከዚያ ቁጥሩን ለሰዎቹ አብጂው። አንቺ ሰዎቹን ለቁጥሩ ልታበጂ ነው የተነሣሽው።"

ይህን ቃል ስንት ዓመት ለስንት ተማሪ እንደ ራሴ አድርጌ ተናግሬዋለሁ፤ እሳቸው ይቅር ይበሉኝ።

በሩጫ ፈታይዋ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ትፈትላለች።

"እትዬ፣ አምስት መቶ አምሳ ደረሰዎት! ተራፊውን እኔ ወሰድኩት!"

"ትናንት አሥራ አንድ ስትዪ አልነበር? ይሄ ቁጥርሽ በአንድ ሌሊት ሐሳቡን ቀየረ?"

"ቁጥሩ አልተቀየረም። አከፋፈሉ ነው።"

"አንቺስ? ተቀየርሽ?"

እንዝርቷን አሾረችና ክሩ ላይ ዓይኗን ጥላ፣ "እሰግዳለሁ፣" አለች። "የጌታን ግርፋት ጥዬ አልሄድም። ለሚያዝያው ግን አትቁጠሩኝ። ባዶ ቤቴን በጽዋ አላስጎበኝም።"

ይህን ለእናቴ ነገርኩ፣ እናቴ ለሙሴዋ ነገረች። የሆሣዕና ዕለት ሙሴዋ ከቅዳሴ መልስ ከኋላ ነጠላዬን ጎተቱኝ።

"አንቺ ቆጣሪ። ያቺ ሴት በዚያ አንጀቷ አምስት መቶ አምሳ ከሰገደች ፋሲካን አታይም። የእሷን ድርሻ ለአሥራ አንዳችን አካፍዪው።"

አምስት መቶ አምሳ ለአሥራ አንድ። ሳልጽፍ አወቅሁት። "አምሳ አምሳ። ልክ ይገባል።"

"አየሽ? አሥራ አንድም ለካ ሥራ አለው። እኩለ ቀን ላይ 'ድርሻሽ ሞልቷል' እላትና ትቀመጣለች። ለእሷ ትንፍሽ ብትይ ግን፣ ጥርስ ባይኖረኝም ነክሼሽ እሞታለሁ።"

ስቅለት ዕለት ጠዋት እናቴ መቁጠሪያዋን ለራሷ ያዘች፤ ለእኔ የሚሆን የለም። ጠጠር ስለቅም ያየችኝ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን፣ እስላም ናት፣ "ምን ልትቆጥሪ ነው ልጄ?" አለችኝ።

"ስልሳ ስድስት ስግደት።"

"ኧረግ! ስልሳ ስድስት? የእኔው መቁጠሪያ ሠላሳ ሦስት ፍሬ ነው። ሁለት ጊዜ ብታዞሪው አለቀልሽ። ያ አላህ፣ ለአንድ ቀኖና ይሄን ሁሉ ድንጋይ! ልታንጪ ነው?"

"እዚያ ይዤው ልገባ?"

"ምን ይሆናል? ፍሬው ወይራ ነው። የእናንተ ቄስ የሚቸበችቡሽም በወይራ ነው። አላህ ይቀበልሽ፣ ሂጂ!"

በቀሚሴ እጅጌ ደብቄ ገባሁ። ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን እያንዳንዷ ፍሬ ስትንቀሳቀስ ደብሩ ሁሉ የሰማት ይመስለኝ ነበር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሞላ።

ከዚያ ሥራ ስለሌለኝ ፈታይዋን ማየት ጀመርኩ። ቀስ ብላ ትወድቃለች፣ ቀስ ብላ ትነሣለች። ሠላሳ ያህል ሰግዳ ግንቡን ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ቀትር ላይ ሙሴዋ እንደ ምንም እየተራመዱ ሄዱ።

"በቃሽ። ድርሻሽ ሞልቷል።"

"ማን ሞላው?"

"ቁጥሩ ነዋ።"

"ቁጥሩ? ቁጥሩ በአንቺ ጉልበት ነው የሰገደልኝ?" ለሙሴዋ "አንቺ" ስትል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ አየችኝ። ነጠላዋን አጠበቀችና ወደቀች፣ ተነሣች። ወደቀች፣ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ከእሷ ሌላ የማየው አልነበረኝም። አሥራ አንዱ ጨርሰው ተቀምጠዋል፤ እሷ ብቻ ነበረች የቀረችው። በተቀመጠች ቁጥር እናቴ ብድግ ልትል ትቃጣለች፤ ፈታይዋ በዓይኗ ትመልሳታለች። ፀሐይዋ ጥላ ስትለውጥ የመጨረሻውን ሰገደች። ከዚያ ሦስት ሴቶች ደግፈው አስቀመጧት፤ ለዚህ ብቻ አልተከላከለችም።

ሴቶቹ በወይራ ተቸብችበው ሊሰናበቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሲቀርቡ ሙሴዋ ሒሳቡን እንዳቀርብ ገፋ አደረጉኝ። አሥራ ሁለት ጊዜ አምስት መቶ አምሳ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አምሳ፣ የእኔ ስልሳ ስድስት። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።

"አበዛችሁት፣" አሉ።

"አባቴ፣" አለች ፈታይዋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ምላሷ ግን እንደ ነበረ፣ "እነዚህ ሴቶች ሰርቀውኛል። የእኔን ስግደት ከኋላዬ ሰግደውብኛል። ይመልሱልኝ።"

"ስግደት ይመለሳል እንዴ?" አለች እናቴ።

"ሲሰርቁ ያላሰቡትን!"

የነፍስ አባታችን ሁሉንም አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ከዚያ የእኔን እጅ። የመቁጠሪያው ዘርፍ ከእጅጌዬ ወጥቷል።

"ይሄስ የማን ነው?"

"የ... የጎረቤታችን።"

"ልክ ቆጠረ?"

"ሁለት ዙር፣ ልክ።"

"እንግዲያ አመስግነሽ መልሺላት።" ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ስርቆት ስርቆት ነው። ቀኖና አለው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ መልሷል፤ እናንተ አምሳ አምሳ ስለ ሰረቃችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ጣሳ ገብስ ለተሰረቀችው ትከፍላላችሁ። ይቺ ቆጣሪያችሁ ተሸክማ ታደርሳለች።"

"ሁላቸውም?" አለች ፈታይዋ።

"ሁሉም። ሙሴዋም ጭምር።"

"እኔ እኮ ጣሳዬ ትንሽ ናት፣" አሉ ሙሴዋ።

"አውቃታለሁ። ሌላ ተበደሪ።"

ፈታይዋ ቄሱን ብዙ አየቻቸው። ምን እንዳደረጉ ገብቷታል። ምጽዋት ቢሆን ኖሮ ደጃፏ ላይ ትደፋው ነበር፤ ቀኖና ግን የሰጪው ዕዳ ነው፣ እምቢ ቢሉት የሰውን ነፍስ ማሰናከል ይሆናል። ወይራውን ለመቀበል ጀርባዋን ዝቅ አደረገች፣ "ጠበቅ አድርገው አባቴ፣ አንቱም አሉበት፣" እያለች።

ያን ድምር፣ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስትን፣ እዚህ ባሮ ዳር ካረጀሁ በኋላ አንድ ቀን ሥራ ስፈታ አካፈልኩት። የእኛ መቁጠሪያ አርባ አንድ ፍሬ ነው። ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ለአርባ አንድ አይገባም፤ መቶ ስልሳ ሁለት ዙር ሄዶ ሃያ አራት ይተርፋል። ያ የተሰረቀውን የጨመረ ድምር ግን መቶ ሰባ ስድስት ዙር፣ ልክ! ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ላሉት ቄስ ብነግር ተአምር ነው ብለው ይሰብኩበታል፤ እኔ ደግሞ ሙሴዋ ስድስት መቶውን በሙሉ መስገዳቸውን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። እናቴም ትጠራጠር ነበር።

ዝናቡ? ከፋሲካ በኋላ ሁለት ቀን አካፋ። አቧራውን አስተኛ፣ ዘር ግን አላበቀለም። መከራው ገና ነበር፤ የመጣውን ሁሉ አልጽፈውም።

ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን አሥራ ሁለቱም ከነፍስ አባታችን ጋር ፈታይዋ ቤት ተቀመጡ። የእህቷ ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። ዳቦዋ መዳፍ ታክላለች፣ ጠላው ቅራሪ ነው።

"እማማ፣ ምን ይፈልጋሉ ከጠላው ውስጥ?" አለች ፈታይዋ፣ ሙሴዋ ዋንጫቸው ውስጥ ሲያፈጡ አይታ።

"ገብሱን። ሰጥቼ ነበር።"

"የእርስዎ ጣሳ ስለሆነ አይታይዎትም።"

ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ መጀመሪያ ለልጆቹ ሰጠች፣ ከዚያ ለእኔ፤ ስንት እንደሆንን አልቆጠርኩም። ማምሻውን ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና አነሣችና ለቀጣይዋ ባለ ተራ፣ ለእናቴ፣ አስታቀፈቻት።

"ዓመት ዞሮ እኔ ጋ እስኪመለስ ድረስ እንዳትሰነጥቁት፣" አለች። "ያን ጊዜ በራሴ ገብስ ነው የምቀበለው።"

እናቴ ጽዋውን አቅፋ ወጣች። ሴቶቹ እልል እያሉ ተከተሏት፤ ፈታይዋም በሯን ለእህቷ ትታ ከኋላ፣ ድምፅዋ ከሁሉ ጎልቶ፣ እኛ ቤት ድረስ ሸኘችው።